«ታርቀናል» ያሉ ጎረቤቶችና የችሎቱ መዝገብ

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው ቆላ ሁለት ጎረቤታሞች በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው አንደኛው ሌላውን በዱላ ቢፈነክተው፣ ነገሩ ባንድ ጊዜ ሁለት መንገድ ይይዛል። በአንድ በኩል የተመታው ሰው ለፖሊስ ያመለክታል፤ ቃሉ ይጻፋል፣ የሐኪም ማስረጃ ይያያዛል፣ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። በሌላ በኩል ቁስሉ ገና ሳይሽር ሽማግሌ ይነሳል፤ የመቺው ወገን ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይለምናል፣ የሕክምናው ወጪና ካሳው ይቆረጣል፣ ሁለቱም ወገኖች ዋስ ጠርተው ይማማላሉ። ቀጠሮው ሲደርስ የግል ተበዳይና ተከሳሽ አንድ ላይ መጥተው «ታርቀናል» ይላሉ። ችሎቱ ምን ማድረግ አለበት? አንዳንዱ «ወንጀል የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እርቅ አያስቀረውም» ይላል። ሌላው «ተበዳዩ ይቅር ካለ ዳኛው ምን አገባው?» ይላል። ሸዋ ሮቢት ያለችበትን የይፋትን የፍርድ ታሪክ ለተመለከተ ሰው ሁለቱም መልሶች ጎደሎ ናቸው። እርቅ በዚህ አገር የወንጀል ክስን ሲያስቆም ኖሯል፤ ዛሬም ያስቆማል። መጠየቅ ያለበት በግልጽ፣ በዳኛ ፊትና በጽሑፍ ያስቆማል ወይስ ምስክር በማጥፋት ያስቆማል የሚለው ነው። የኔ ክርክር፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከእርቁ ሳይሆን እርቁ ተደብቆ ወደ ችሎት ከመግባቱ ነው የሚል ነው።

ነገሩ ለምን እዚህ እንደሚጠና ለመረዳት አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጣርማ በር ገደል ሥር፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ተነስቶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርደው የይፋት ምድር ከጥንትም የደጋውና የበረሃው መገናኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሡልጣኔት ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ ይፋት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣውን የቅፍለት ንግድ የሚቆጣጠር ኃይል ሆነ። ዐፄ ዓምደ ጽዮንም እ.ኤ.አ. በ1332 በይፋቱ ገዥ በሰብረ ዲን ላይ የዘመቱት ከዚሁ ንግድና ከዚሁ መሬት ጋር በተያያዘ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የአልዩ አምባ ገበያ የአርጎባ ነጋዴን፣ የአፋር ባለ ግመልን፣ የኦሮሞ አርቢንና የአማራ ገበሬን በአንድ ሜዳ ያገናኝ ነበር። ዛሬም የቀወትና የኤፍራታና ግድም ገበሬ፣ የጅሌ ጥሙጋ ኦሮሞ፣ የአርጎባ ሸማኔና ነጋዴ፣ የሰሙ ሮቢ አፋር የሚኖሩት በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ነው። በማሽላና በማሾ ማሳ፣ በሽንኩርት መደብ፣ በሮቢና በጀውሃ ወንዝ ውሃ፣ በበጋ ግጦሽ ይገናኛሉ። አንዱ ያለ ሌላው ገበያ አይወጣም፤ ከብቱን አያጠጣም። እንዲህ ባለ አገር አንድ የዱላ ምት በሁለት ሰዎች መካከል አይቆምም፤ የውሃ ተራውን፣ የገበያ መንገዱንና የግጦሹን ስምምነት ሁሉ ይነካል። ዳኛ አንዱን ቢያስር የቀሩት ሰዎች ነገ በዚያው ቦይ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም።

የጥንቱ ሕግም ይህን ኑሮ መሠረት ያደረገ ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በኢትዮጵያ በመንግሥት ስም ወንጀለኛን የሚከስ ቋሚ ሹም አልነበረም፤ ከሳሹ የተበደለው ሰው ወይም ዘመዱ ነው። ተበዳይ «በሕግ አምላክ» ብሎ በዳዩን ያስቆማል፤ ሁለቱ ነጠላቸውን አስቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛው ሩቅ ከሆነ መንገድ ላይ ያገኙትን የተከበረ ሰው የመንገድ ዳኛ አድርገው ያስቀምጡታል፤ እሱም አስቀድሞ ማስታረቅን ይሞክራል፣ ካልሆነለት ወደ በላዩ ያሳልፋቸዋል። ነፍስ በጠፋበት ጉዳይ እንኳ ፍትሐ ነገሥትና ልማድ ተጋግዘው የመጨረሻውን ውሳኔ ለሟች ወገን ይተዉ ነበር። ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ የሟች ዘመዶች ደሙን በደም ለመበቀል ወይም የደም ዋጋ ተቀብለው ለመማር መብት ነበራቸው፤ ዳኛውና በችሎቱ ዙሪያ የቆመው ሕዝብም ካሳውን እንዲቀበሉ ይለምናቸው ነበር። ይህ ሥርዓት የራሱ ጭካኔ ነበረው። ወገን የሌለው ሰው፣ ባሪያ የተደረገ ሰው፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቢገደል ደሙን የሚጠይቅለት አያገኝም። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ገብቶት ነበር፤ ፍርድ ሰላም ካላመጣ ነገሩ እንዳላለቀ ያውቅ ነበር።

ይፋት በዚህ ላይ የራሱን ጨምሯል። እዚህ የሚጣሉት ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ቋንቋ ወይም አንድ የንጉሥ ዳኛ አይኖራቸውም። ስለዚህ ከወሎ እስከ ሰሜን ሸዋ ቆላ ድረስ አበጋር የሚባለው የእርቅ ሥልጣን ትልቅ ቦታ ያዘ። አበጋርነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ በሃይማኖታዊ ክብር የታጠረ ኃላፊነት ነው፤ በአማራና በኦሮሞ፣ በአርጎባና በአፋር መካከል ደም ሲፈስ ሁለቱን ወገን የሚያነጋግር ሰው ያስገኛል። የአበጋርን ቃል መስበር እርግማን ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራ አበጋሩ እስር ቤት ሳይኖረው ሰውን ያስራል። በኦሮሞው ዘንድ ጉማ፣ በአፋሩ ዘንድ መዳ የተባለው ሕግና ማብሎ የተባለው ሸንጎ፣ በአማራው ዘንድ የደም ማድረቅ ሽምግልና በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም ጥፋትን ማመን፣ ካሳ፣ ዋስና መሐላን ይጠይቃሉ። አጥኚዋ ሜሮን ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት በአማራ ክልል የኦሮሞ ዞን የሚገኘውን «የሸኮች ችሎት» መርምራለች። የሃይማኖት አባቶች በሚመሩት በዚህ የእርቅ ሸንጎ ሰዎች ከመንግሥት ፍርድ ቤት ጎን ለጎን ጉዳያቸውን ያቀርባሉ። ይህ ሁሉ በአገሩ አንድም ዘመን መንግሥት ብቻውን ዳኛ ሆኖ እንደማያውቅ ያሳያል። አገዛዝ ሲለዋወጥ የሽማግሌው ወንበር ግን አልተነሳም።

ለውጡ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣትን በመንግሥት እጅ ማሰባሰብ ጀመረ። በ1949 ዓ.ም. በስዊሱ ምሁር ዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ወንጀል በተበዳይና በበዳይ መካከል ያለ እዳ መሆኑ ቀርቶ በሕዝብ ሰላም ላይ የተፈጸመ ጥፋት መሆኑን አጸና። ከሳሹም ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሁሉ ሻረ። በወረቀት ላይ ካየነው ሽማግሌው ከወንጀል ጉዳይ የተሰናበተ ይመስላል። ብዙ የሕግ ተማሪም ነገሩን እንዲሁ ተረድቶት ያልፋል። ሕጎቹን አንቀጽ በአንቀጽ ላነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ሕግ አውጪው እርቅን ከወንጀል ፍርድ ጨርሶ አላባረረም፤ ቦታ ሰጥቶ አስቀምጦታል።

የመጀመሪያው ቦታ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች የሚባሉት ናቸው። የእጅ እልፊት፣ ስድብ፣ ስም ማጥፋት፣ ቀላል የአካል ጉዳት፣ ተራ የንብረት ማበላሸትና የመሳሰሉት በዚህ ይመደባሉ። በእነዚህ ተበዳዩ ካላመለከተ መንግሥት በራሱ ተነስቶ አይከስም። ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ተበዳዩ ራሱ ከሳሽ ሆኖ በሚቀርብበት ጉዳይ ዳኛው ክሱን ለተከሳሹ ከማንበቡ በፊት ሁለቱን ለማስታረቅ መሞከር እንዳለበት ይደነግጋል። ከታረቁም እርቁ በመዝገብ ይሰፍራል፤ እንደ ፍርድም ይቆጠራል። ይህ ድንጋጌ ለኔ ክርክር ዋናው ማስረጃ ነው። ዳኛው እርቁን ሰምቶ ዓይኑን እንዲጨፍን አልተነገረውም፤ ቀዳሚ ሥራው እንዲያደርገው ታዟል። እርቁም ተጽፎ የፍርድ ክብር ሲያገኝ ማንም ነገ ተነስቶ «አልታረቅሁም» ወይም «ካሳውን አልተቀበልሁም» ማለት አይችልም።

ሁለተኛው ቦታ ይበልጥ ለይፋት ገበሬ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአዋጅ የተቋቋመው የአጥቢያ ዳኛ በየአካባቢው የሚኖር፣ ሰዉን የሚያውቅ ዳኛ ነበር። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 223 አጥቢያ ዳኛው ቀላል ስድብን፣ የእጅ እልፊትን፣ አነስተኛ የንብረት ጉዳትንና ዋጋው ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን በተቻለው ሁሉ በእርቅ እንዲጨርስ ያዛል። ማስታረቅ ካቃተው ብቻ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ይፈርዳል፤ የሚቀጣውም ቢበዛ 15 ብር ነው። የዚህ አንቀጽ ቅደም ተከተል ጥበብ አለበት። መጀመሪያ እርቅ፣ ቀጥሎ በሽማግሌ የታገዘ ፍርድ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ መደበኛው ፍርድ ቤት። በውጭ አገር ሰዎች እጅ የተረቀቀ ሕግ የአገሩን የመንገድ ዳኛ አውቆ መንግሥታዊ ልብስ አልብሶታል ማለት ይቻላል። በገንዘቡ ልክ የተቀመጠው ገደብም ትርጉም ነበረው፤ እርቅ የሚያልቅበትንና የመንግሥት ቅጣት የሚጀምርበትን ድንበር በቁጥር ያሳያል።

ያ ድንበር ከጊዜ ጋር ደበዘዘ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ በገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የፍርድ ሸንጎዎች የአጥቢያ ዳኛውን ቦታ ወሰዱ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች መጡ። እነዚህ ተቋማት ሰዉ አጠገብ ቢሆኑም የቀበሌ አስተዳደር ጥላ ስላጠላባቸው የሽማግሌውን ገለልተኝነት ሙሉ በሙሉ መውረስ አልቻሉም። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 212 የግል አቤቱታን ጠብቆ አቆይቷል። በአንቀጽ 82 ደግሞ ከልቡ ተጸጽቶ ያደረሰውን ጉዳት በካሳ ለጠገነ ሰው ቅጣት እንዲቀልለት ፈቅዷል። በየካቲት 2003 ዓ.ም. የጸደቀው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ለእርቅና ለአማራጭ መፍትሔዎች ዕውቅና ሰጥቷል። ሆኖም በቀላል ስድብና በነፍስ ግድያ መካከል ያለው ሰፊ መስክ፣ ማለትም ከባድ የአካል ጉዳት፣ የከብት ስርቆት፣ የማሳ ቃጠሎና በጠብ ላይ የተሳተፉ ብዙ ሰዎች ጉዳይ፣ በእርቅ የሚሄድበት የተጠረገ መንገድ አላገኘም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በሃይማኖትና በባህል ሕግ መዳኘትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ስለ ወንጀል አልተናገረም።

ሕግ መንገድ ባላበጀበት ቦታ ሰው የራሱን መንገድ ያበጃል። በመላ አገሪቱ የሚታወቀው መንገድ የምስክር ዝምታ ነው። ሽማግሌዎቹ እርቁን ሲፈጽሙ ከሚያስምሏቸው ነገሮች አንዱ «ከእንግዲህ በፍርድ ቤት አንካሰስም» የሚለው ነው። ምስክሩም የዚያው መንደር ሰው ስለሆነ መሐላው እሱንም ይይዘዋል። ቀጠሮው ሲደርስ ወይ አይቀርብም፣ ወይ «አላየሁም» ይላል፣ ወይ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ይለውጣል። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ አጣሁ ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፤ ችሎት ላይ ከደረሰም ተከሳሹ በነፃ ይሰናበታል። አሉላ ፓንክረስትና ጌታቸው አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2008 ያዘጋጁት ስለ ባህላዊ ዳኝነት የተጻፈው ሰፊ ጥናት፣ ዶሎረስ ዶኖቫንና ጌታቸው አሰፋም እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ነፍስ ግድያ ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ልማዳዊው እርቅ በከባድ ወንጀል ሳይቀር ሕያው እንደሆነና ከመደበኛው ሕግ ጋር እንደሚጋጭ አሳይተዋል። እዚህ ላይ መዝገቡ የሚናገረውን ልብ በሉ። በመንደሩ ውስጥ ሁሉም ማን እንደመታ፣ ስንት እንደከፈለ ያውቃል፤ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ግን «ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ ይሰፍራል። ጥፋቱን አምኖ የካሰ ሰው ምንም እንዳላደረገ ተደርጎ ይሰናበታል።

ይህ ውሸት ሦስት ሰዎችን ይጎዳል። ሲፈራና ሲከበር በኖረው መሐላው የሚታወቀው ምስክር በችሎት ፊት ሐሰት ተናግሮ ይወጣል፤ የመሐላ ዋጋ ደግሞ አንዴ ከወረደ ለሽማግሌውም አይበጅም። ተበዳዩ በተስማማበት ካሳ ቀሪው ካልተከፈለው ወደ ፍርድ ቤት መመለስ አይችልም፤ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ እርቁም በጽሑፍ የለም። ተከሳሹም ቢሆን አልተጠበቀም። ካሳውን ከፍሎ፣ ታርቆ ከጨረሰ በኋላ አንድ ጠንካራ ምስክር ቢገኝ ሁለተኛ ቅጣት ይወድቅበታል፤ የከፈለውም በመዝገብ ስላልሰፈረ አንቀጽ 82 የሚሰጠውን ማቅለያ በቀላሉ ማስረዳት አይችልም። በሦስቱም ላይ ጉዳቱ የመጣው ከእርቁ አይደለም፤ እርቁ ለዳኛው ስላልተነገረ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሕግ ባለሙያው ይመጣል። ወንጀል የሕዝብ ጉዳይ ነው፤ ተበዳይ የራሱን ቁስል ይቅር ሊል ይችላል፣ የሕዝብን ሰላም ግን ሊሸጥ አይችልም ይላል። መርሁ እውነት ነው። ግን የወንጀል ሕጋችን በመጀመሪያው አንቀጹ ዓላማው የሀገርን፣ የሕዝቦችንና የነዋሪዎችን ሰላምና ደኅንነት መጠበቅ እንደሆነ ይናገራል። ሰላም ዓላማው ከሆነ፣ ሰላም የወረደበትን እርቅ እንደ እንቅፋት መቁጠር ከዓላማው ጋር መጣላት ነው። ችግሩ የትኛው ጥፋት በሁለት ሰዎች መካከል እንደሚያልቅ፣ የትኛው ደግሞ ከእነሱ አልፎ ሌላውን እንደሚያስፈራ መለየት ላይ ነው። በዚህ ላይ ሌላ አገር ያለፈበትን ማየት ይጠቅማል። በሕንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ በተበዳይ ስምምነት የሚቋረጡ ወንጀሎች ተዘርዝረው ነበር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 በጊያን ሲንግ ጉዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ከዝርዝሩ ውጭ የሆነንም የግል ባሕርይ ያለው ክስ በእርቅ ምክንያት ሊያቋርጡ እንደሚችሉ ፈረደ። ግድያን፣ አስገድዶ መድፈርንና ዘረፋን የመሳሰሉትን ግን አልፈቀደም። ከዚያ የምንማረው የሕንድን ዝርዝር መቅዳት አይደለም፤ ዳኛው እርቁን አይቶ፣ መዝኖ፣ ምክንያቱን ጽፎ መዝገቡን እንዲዘጋ ማድረግ እንደሚቻል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። ሽምግልና ለጉልበተኛ ያደላል፤ ሴት፣ ድሃና ወገን የሌለው ሰው በእርቅ ስም ፍትሕ ይነፈጋል የሚለው ነው። ለዚህ ተቃውሞ የራሳችን ሕግ ታሪክ ምስክር ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈች ወይም የተደፈረች ሴት ጥፋተኛውን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባችው ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። እርቅ የወንጀል ክስን የሚያስቆምበት እጅግ የከፋው መልክ ይህ ነው፤ ጥቃት ፈጻሚው ባል ሆኖ ይወጣል፣ ሽማግሌውና የልጅቱ ቤተሰብ ይስማማሉ፣ የልጅቱ ፈቃድ ግን በፍርሃትና በሐፍረት ሥር ተቀብሮ ይቀራል። የ1997ቱ ሕግ ይህን ሻረ፤ ጋብቻ ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው በግልጽ ደነገገ። ይህን ተቃውሞ የማነሳው ለማስተባበል አይደለም፤ ድንበሩን ለማስመር ነው። በጠለፋ፣ በአስገድዶ መድፈር፣ በሕፃናት ላይ በሚፈጸም ጥቃት፣ በነፍስ ግድያ እርቅ የመንግሥትን ክስ ሊያስቀር አይገባም። ይህም ቢሆን መልሱን ወደ ግልጽነት ይመልሰዋል። ጉልበተኛው ደካማውን የሚያስገድደው በመንደር ጓሮ ነው። ተበዳይዋ በዳኛ ፊት ብቻዋን ቀርባ «በፈቃድሽ ነው ወይ? ካሳው ደርሶሻል ወይ?» ተብላ ብትጠየቅ፣ ያ የጓሮ ማስገደድ ቢያንስ አንድ የሚጋለጥበት ቦታ ያገኛል። የተደበቀው እርቅ ግን ለማንም አይጋለጥም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቅርብ ዘመን ቁስል ነው። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በአጣዬ፣ በካራቆሬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ብዙ ሰው ያለቀበት፣ ከተማ የተቃጠለበት ጥቃት ሲደርስ ሽማግሌውና አበጋሩ የት ነበሩ? ከዚያም በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የእርቅ ባህል ምን ሠራ? ጥያቄው ልብ ይነካል፤ ልናልፈውም አይገባም። መልሱ ግን የእርቅን አቅም በልኩ ማስቀመጥ ነው። ሽምግልና የተሠራው የሚተዋወቁ፣ ዋስ የሚጠሩ፣ ነገ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሰዎችን ለማስታረቅ ነው። የተደራጀ መሣሪያ የያዘን ኃይል የማስቆም ሥራ የመንግሥት ነው፤ ያን ጊዜ የወደቀው ይህ ሥራ ነው። እንዲያውም ከዚያ ጥፋት በኋላ ወደ ቀያቸው የተመለሱ ጎረቤቶች በአንድ ውሃና በአንድ ገበያ መኖር የሚችሉት ትናንሽ ጠቦችን በየዕለቱ የሚዘጋ የታመነ የእርቅ ሥርዓት ሲኖር ነው። ትንሹ ጠብ ሳይዘጋ ሲቀር ለትልቁ መነሻ ይሆናልና።

አራተኛው ተቃውሞ ደግሞ ከተቃራኒው ጎን ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ፈርዶ ካሰረ፣ ጥፋተኛው ቅጣቱን ከጨረሰ ነገሩ አለቀ፤ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ይላል። የደም ጠብ ባለበት አገር ይህ እንደማይሠራ የአማራ ክልል ልምድ ይመሰክራል። ከእስር የሚፈታው ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ የሟች ወይም የቆሰለው ወገን ሊጠብቀው ይችላል፤ የመንግሥት ቅጣት ለመንግሥት እንጂ ለእነሱ አልተከፈለምና። «እርቅ ደም ያደርቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። በክልሉ ብዙ ወረዳዎች የደም አድራቂ ኮሚቴ እየተባለ ሽማግሌዎች ከአስተዳደሩ ጋር የሚሠሩትም ቅጣት ብቻውን ደም እንደማያደርቅ ስለታወቀ ነው። ስለዚህ በከባድ ወንጀል ላይ እርቅ ክሱን ባያስቀርም ከፍርዱ ጎን መሄድ አለበት፤ መንግሥት ይቀጣል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ዳኛውም የእርቁን ማስረጃ ተቀብሎ በቅጣቱ ልክ ላይ ይመዝነዋል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሠራር ከባድ አይደለም፤ አብዛኛው በ1954ቱ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የቀወት ወይም የኤፍራታና ግድም ዳኛ «ታርቀናል» የሚል ቃል ሲሰማ አራት ነገር መጠየቅ ይችላል። ጉዳዩ በእርቅ ሊያልቅ ከሚችለው ወገን ነው ወይ? ተበዳዩ ያለ ፍርሃት፣ በራሱ አፍ ተናግሯል ወይ? ካሳው ስንት ነው፣ ተከፍሏል ወይስ ዋስ አለው? እርቁን ያካሄዱት ሽማግሌዎች እነማን ናቸው፣ ሁለቱንም ወገን ይወክላሉ ወይ? መልሱ ከተጻፈና ሁሉም ከፈረሙበት መዝገቡ ይዘጋል፤ ያኔ የሚዘጋው በሐሰት ምስክርነት አይደለም፣ በእውነተኛ ቃል ነው። አርጎባውና አፋሩ በተጣሉበት ጉዳይ ላይ አበጋሩ ወይም የማብሎ ሸንጎው አባል እንደ ምስክር ሆኖ እርቁን ቢያስረዳ ችሎቱ ክብሩን አያጣም፤ ይጨምራል እንጂ። የክልሉ ምክር ቤትም በቀላሉና በከባዱ ወንጀል መካከል ላለው መስክ፣ አንቀጽ 223 እንዳደረገው፣ ገደቡን በግልጽ ሊያሰምር ይገባዋል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙት ሰዎች የሚፈሩት ፍርድ ቤቱ ለሽማግሌ እንዳይገዛ ነው። የይፋት ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ አደጋ ነው። ፍርድ ቤቱ ሽማግሌውን እንዳላየ ሲሆን ሽማግሌው አይጠፋም፤ ሥራውን ከችሎቱ ጀርባ ይሠራል፣ ምስክሩንም ይዞ ይሄዳል። ከወላስማ እስከ አጥቢያ ዳኛ፣ ከፍርድ ሸንጎ እስከ ወረዳ ፍርድ ቤት በዚህ ቆላ የተለዋወጡት መንግሥታት ሁሉ ይህን አይተዋል። ያዋጣውም እርቁን በመዝገብ ያሰፈረው ሕግ ነበር። ዛሬም በዳኛ ወንበር የተቀመጡ ሰዎች ያንን ቢቀጥሉ ለተበዳዩ፣ ለተከሳሹና በአንድ ቦይ ለሚጠጡት ጎረቤቶች ሁሉ ፍትሕ ይሆናል።